እርጥብ ቁስል አፈር አይወድም

ባጃጁ ሰው አልገጨም። የገጨው አበባ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ በምመለስበት መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። የዚያን ቀን አንድ ሾፌር ከጉድጓድ ሲሸሽ መንገዱን ስቶ በደረደረቻቸው ጣሳዎች መሀል ገብቶባት ደረስኩ። ሾፌሩ ደረቱን እየመታ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ጽጌረዳዎቹ ተርፈዋል። የተደቆሱት ከፊት የነበሩት ባለ ወፍራም ቅጠሎቹ ናቸው። እሷ "ሰኩለንት" ትላቸዋለች። በቅጠላቸው ውሃ የሚቋጥሩ ተክሎች ናቸው፤ የእኛ እሬትና እንዳሁላም ከዚያው ጎራ ናቸው።

አንዱን ከአስፋልቱ ላይ አነሳሁት። ግማሹ ተጨፍልቋል። ግማሹ ግን ምንም ያልሰማ ይመስል ቅጠሉን በሥርዓት ደርድሮ፣ በላዩ የብናኝ ያህል ነጭ ነገር ለብሶ ቁጭ ብሏል። አሳዘነኝ።

"ውሰጃቸው እህቴ" አለችኝ ሴትየዋ። "እኔ ዓይኔ እያየ አይሞቱብኝ።"

ሁለት ፌስታል ሙሉ ለቀምኩ። ተክል ተክዬ አላውቅም። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፤ ተክልን በሰሌዳ ላይ አሳምሬ እስለዋለሁ፤ ሥሩን፣ ግንዱን፣ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በቀስት አሳያለሁ። በእጄ ግን አንድም ነገር አብቅዬ አላውቅም። ያን ቀን እነዚያን ስብርባሪዎች ያስለቀመኝ ሙያዬ አልነበረም። እናቴ ነበረች።

አባቴ በጥር ሞተ። ለቀስተኛው ገና ተበትኖ ሳያልቅ የእናቴን ልብስ በሻንጣ ከትቼ፣ ከቀዬያችን ከሻንቶ ሚኒባስ አሳፍሬ ወደ ሶዶ አመጣኋት። እዚያው ከቤታቸው አጠገብ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ "ትንሽ ትቆይ፤ ነገሩ ይብረድ" ብሎኝ ነበር። እኔ መቼ ሰው እሰማለሁ። በመጨረሻ ተስማማን፤ እስከ ክረምት መግቢያ እኔ ዘንድ ትሁን፣ ካልለመደች ትመለስ። በአፌ እሺ አልኩት። በልቤ ግን እንደማልመልሳት ወስኜ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ ለትምህርት ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ከበዓል ቀናት በላይ ከእናቴ ጋር ሰንብቼ አላውቅም። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ተማሪ የሚፈራት ሴት እናቷን ትናፍቃለች ቢሉ ማን ያምናል? ናፍቄያት ነበር። እንድትቀርልኝ እፈልግ ነበር።

እሷ ግን አልመጣችም ነበር። ሰውነቷ መጥቷል፤ በረንዳዬ ላይ ካለችው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ደህና አደርሽ ሲሏት ደህና ይላል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ትከሻ ላይ ይወርድና ግቢያችንን ይሞላዋል። ያኔ አጥሩ ይጠፋል፣ የጎረቤት ጣሪያ ይጠፋል፣ የሚሰማው የባጃጅ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። እናቴ በዚያ ነጭ ነገር መሀል ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጥና ተራራው ያለበትን አቅጣጫ ትመለከታለች። ቀዬዋ ከዚያ ወዲያ ነው። ጉሙ ሲገለጥም፣ ተራራው ሲታይም ዓይኗ እዚያው ነው። ድሮ ሳቋ ከጓሮ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። አላፊ አግዳሚው እንኳ "ዛሬ ደግሞ ምን አግኝታ ነው" እያለ አብሮ ይስቅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ቤት በቆየችባቸው አምስት ሳምንታት አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላለችም።

ምን አደረግኩ? አበላኋት። ጠዋት እንቁላል፣ ረፋድ ላይ አቦካዶ፣ ማታ ወተት። ቆጮ ስትፈልግ ከዳታ በርበሬ ጋር ከገበያ አመጣለሁ። ዕቃ ላጥባ ብላ ብድግ ስትል "እማዬ አንቺ ቁጭ በይ" እላታለሁ። መጥረጊያ ስታነሳ እቀማታለሁ። ዕድሜ ልኳን ለፍታለችና እኔ ዘንድ ታርፋለች ብዬ ነው። መልሳ ትቀመጣለች።

እነዚያን የተሰበሩ ተክሎች ሳይ ታዲያ እነሱ ሲያገግሙ እያየች እሷም ትነቃቃለች ብዬ አሰብኩ።

ከሰፈራችን ባለሱቅ አራት ባዶ ቢጫ ጀሪካን ወሰድኩ። ሀጂ እንላቸዋለን፤ ወላጆቻቸው ከስልጤ ደጋ መጥተው እዚሁ ሶዶ ሱቅ የከፈቱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። "ቲቸር፣ ዘይት ነግደሽ ገበያዬን ልትቀሚኝ ነው እንዴ?" አሉኝ። አበባ ልተክል ነው ስላቸው ጀሪካኖቹን ራሳቸው በቢላዋ ለሁለት ለሁለት ከፈሉልኝ። ለወንድሜ ደወልኩና በሚኒባስ አንድ ጆንያ ፍግ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ለምን እንደምፈልገው እንኳ አልጠየቀም። እኛ ዘንድ ፍግ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የወላይታ ልጅ ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ከቤቱ ጀርባ የቆመውን እንሰት ነው፤ እንሰቱ ደግሞ የሚኖረው በፍግ ነው። ጠዋት ከበረት የሚዛቀው ሁሉ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አባቴ "ያልበላ እንሰት አያበላህም" ይል ነበር። እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ መጽሐፍ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እጄ ግን የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ጀሪካኖቹን በጥቁሩ ፍግ ሞላኋቸው። የተሰበሩትን፣ የተሰነጠቁትን፣ ቅጠላቸው የረገፈውን አንድ በአንድ፣ ቁስላቸው ገና እየደማ፣ አንገታቸው ድረስ ቀበርኳቸው። ከዚያ ውሃ፤ እስኪጠግቡ ውሃ። እናቴ ከበርጩማዋ ላይ ታየኛለች። አንድ ጊዜ እጇን ዘረጋች፤ አንዱን ልትነካ መሰለኝ።

"እማዬ ተይው፣ እጅሽ ይቆሽሻል" አልኳት።

እጇን መለሰችና ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

መጀመሪያ የሆነው ነገር ሕልም ይመስል ነበር። የበልጉ ዝናብ ገባ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ተሰብስቦ ይመጣል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ከዚያ ድንገት ፀሐይ ትወጣና ግቢው ሁሉ ይጨሳል። በዚያ ብርሃን ውስጥ ተክሎቹ ወፈሩ። እውነቴን ነው የምለው፣ በሳምንት ውስጥ ቅጠላቸው ተወጠረ፣ ቆዳቸው ሳስቶ ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ፤ አጎንብሼ ስመለከት ውስጣቸው ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ይታየኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ በፊታቸው ቁጢጥ እላለሁ። ጊዜው ይጠፋብኛል። የመሸ ሳይመስለኝ ይመሻል። እኔ እንደዚህ ያለ ጸጥታ በራሴ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። ያዙልኝ ብዬ ተጨማሪ ውሃ እሰጣቸዋለሁ። "አየሻቸው እማዬ?" እላለሁ። "አየሁ" ትላለች።

ልክ በአሥራ አንደኛው ቀን ያንን መጀመሪያ ከአስፋልት ያነሳሁትን ግማሽ ጽጌረዳ መሳይ ነገር በጣቴ ነካ ሳደርገው ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ሥር የለውም። ታቹ ጥቁር ነው፤ እንደ ተቀቀለ ድንች ይሟሽሻል፤ ሽታው አይጣል ነው። ሌላውን ነካሁ፣ እሱም ያው። ወፈሩ ያልኳቸው አብጠው ኖሯል። ብርሃን የሚያሳልፈው ቆዳ የጤና ሳይሆን የመበስበስ ምልክት ኖሯል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን እናቴ ምግብ መቀነስ ጀመረች። እንቁላሉን ለግማሽ፣ ወተቱን ለሩብ፤ ከዚያ "ጠግቤያለሁ" ብቻ።

ለሀጂ አንዱን ብስባሽ በወረቀት ጠቅልዬ ወስጄ አሳየኋቸው። ለምን እሳቸው ዘንድ እንደሄድኩ አላውቅም፤ ለሰው መንገር ፈልጌ ይሆናል። አገላብጠው አዩትና "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ተርቦ አይደለም የሞተው፤ በቁንጣን ነው" አሉኝ። ከዚያ "ጀሪካኑን ከታች በሳሽው?" ብለው ጠየቁ። አልበሳሁትም። ውሃ መውጫ የለውም። ውሃ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በዓመት ለአምስት ክፍል የማስተምር ሰው ውሃው የሚወጣበትን ቀዳዳ ረስቻለሁ። ሀጂ በሳቅ ሞቱ። እኔ አልሳቅኩም። ስወጣ ግን ረጅም ሚስማር ሰጡኝና "አግለሽ ብሺው" አሉኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ለፈተና ስብሰባ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ በረንዳው ላይ ጦርነት የተደረገ መሰለኝ። ጀሪካኖቹ ተገልብጠዋል። ፍጉ አንድ ጥግ ተቆልሏል። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ የወጥ ቤት ቢላዬን ይዛ፣ ተክሎቼን አንድ በአንድ ትቆርጣለች።

ጮህኩባት። አፍሬ ነው የምጽፈው፤ እናቴ ላይ ጮህኩ። "ምን አደረግሽ! የተረፉትንም ገደልሻቸው!"

ቀና ብላም አላየችኝ። ጥቁሩን ክፍል ትቆርጣለች፣ ቢላዋውን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ደግማ ትቆርጣለች፣ የተቆረጠውን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ታያለች። ጥቁር ነጥብ ካለው ደግማ። ንጹሕ አረንጓዴ ሲሆንላት በጎኗ በዘረጋችው ጆንያ ላይ፣ በጥላው በኩል ታጋድመዋለች። ጣቶቿ ፈጥነው ይሠራሉ። በነዚያ ሳምንታት ሁሉ ያላየኋቸው ጣቶች ናቸው።

"አሁን የት ልትተክያቸው ነው?" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"የትም።"

"ውሃስ?"

"አትንኪያቸው።"

እኔና እናቴ የምናወራው በወላይትኛ ነው። አማርኛው የኔ ነው፤ ቀጥሎ ያለችውን ግን የቻልኩትን ያህል እንዳለ ላስቀምጠው። "ልጄ" አለችኝ፣ "እርጥብ ቁስል አፈር አይወድም። እንሰት ስንተክል አላየሽም?"

አላየሁም። ለዘር የሚቆረጠው ጥር ላይ ነው፤ ያኔ እኔ ሁልጊዜ ትምህርት ላይ ነበርኩ። የቆመውን እንሰት አውቃለሁ፣ ሲበላ አውቃለሁ፤ ሲባዛ ግን አላየሁም። እሷም ቢላዋውን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። ለዘር የተመረጠው እንሰት ይነቀላል፤ ከአፈር በታች ያለው ድቡልቡል ግንዱ፣ አሚቾው፣ ይቆረጣል፤ የመሀሉ እምብርት ይወጣል። ከዚያ ማንም ወዲያው አይቀብረውም። ጓሮ ጥላ ቦታ ተጋድሞ ይሰነብታል። የተቆረጠው ፊቱ እስኪደርቅ፣ ቁስሉ ራሱን በራሱ እስኪዘጋ ይጠበቃል። ያኔ ነው አፈሩም ፍጉም የሚመጣለት። ቁስሉ ሳይዘጋ የገባ እንደሆነ አፈሩ ይበላዋል።

"ደግሞ ይሄ እሬት መሳይ ነገር" አለች፣ አንዱን አንስታ፣ "ውሃውን ይዞ ነው የመጣው። እሬት ድንጋይ ላይ አይደል እንዴ የሚበቅለው? ፍግ ምን ያደርግለታል።"

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን እናቴ ስትለቅም ቆሜ አየሁ። ከዚያ ጎኗ ቁጭ አልኩና ጨርቁን ተቀብዬ ቢላዋውን መጥረግ ጀመርኩ።

ተክሎቹ ጆንያው ላይ ተጋድመው ቀናት አለፉ። ለእኔ ስቃይ ነበር። ከውሃ ርቀው፣ ከአፈር ርቀው፣ በየቀኑ ሲሸበሸቡ ማየት። አንድ ጠዋት በጉሙ ተከልዬ በጣቴ ውሃ ረጨት ረጨት አደረግኩባቸው። እናቴ ከውስጥ ሆና "ጆንያውን በፀሐይ አድርቂው" አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች ዛሬም አልገባኝም።

በእነዚያ ቀናት ግን ማውራት ጀመረች። ብዙ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ እኔ የተማሪ ደብተር እያረምኩ፣ እሷ ጆንያው አጠገብ ሆና። የተቆረጠውን ፊት በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች "ይሄ ዘጋ፣ ይሄ ገና" ትላለች። አባቴ እንሰት የሚተክልበትን ቦታ እንዴት እንደሚመርጥ ነገረችኝ፤ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንሰቱ አድጎ እስኪታየው ይጠብቅ ነበር አለች። ካልታየው ሌላ ይቆፍራል። እኔ ደብተሩን ትቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዝናቡ ከጣሪያው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል፤ የሆነ ቦታ አባቴ ቆሞ ይታየኛል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በሰፊ ቅጠሎች መሀል።

"ሰባት አሚቾ ቆርጦ ነበር" አለች እናቴ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

"በጥር። ቆርጦ ከጓሮ አጋድሟቸው ነው የታመመው። እሱ ሲሞት ገና አልደረቁም ነበር። እኔ ልተክላቸው ስጠብቅ..."

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። ሻንጣውን ይዤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እሺ ብላ መኪናው ውስጥ የገባችው ልጇን ላለማሳዘን ነው። እነዚያን ሁሉ ጠዋቶች ወደ ተራራው ስታይ ተራራውን አልነበረም የምታየው። ከተራራው ወዲያ፣ ከጓሮ የተጋደሙትን ሰባት አሚቾዎች ነበር፣ ባሏ በእጁ የቆረጣቸውን የመጨረሻዎቹን።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አልጠየቅሽኝም።" ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። "ልጄ፣ ቤትሽን አልጠላሁትም። ግን ፈጥነሽ ተከልሽኝ።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ዝናቡ እንደገና ጀመረና የተማሪዎቹን ደብተር ከበረንዳው አነሳሁ።

ለወንድሜ ደወልኩ። አሚቾዎቹ አሉ ወይ አልኩት። "አሉ" አለ። "ቅጠል አልብሻቸዋለሁ። እማዬ ሳታዝዝ ማን ይነካቸዋል? ከላይ ደርቀዋል፤ ውስጣቸውን ግን እንጃ።"

በነጋታው እሁድ ሄድን። ሚኒባሱ ዳሞታን ሲዞር እናቴ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፣ ከፊታችን ሜዳው በርቶ ታየ። እሷ የምትሄደው ተክላ ልትቀር እንጂ ከእኔ ጋር ልትመለስ አለመሆኑን ሁለታችንም ሳንነጋገር እናውቃለን። ትልቁን ሻንጣ ይዣለሁ። ጓሮ ስንደርስ እናቴ ቅጠሉን ገልጣ እያንዳንዱን አሚቾ አንኳኳችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ በጥፍሯ ጫረችው። ሦስቱን ወደ ጎን አደረገች። አራቱን ያዘች። ወንድሜ ቆፈረ፣ እኔ ፍግ አመጣሁ፤ እዚህ ቦታው ነውና። የመጀመሪያውን ጉድጓድ አይታ "እዚህ አይደለም" አለች፤ ትንሽ ራቅ ብላ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ከዚያ በጣቷ ሌላ ቦታ አሳየች።

ማምሻውን ብቻዬን ሶዶ ገባሁ። ሻንጣዋን እዚያ ትቼ።

ቤቴ ባዶ ነበር። ይህን ማሳመር አልፈልግም፤ ባዶ ነበር፣ ከፋኝም። በረንዳው ላይ ጆንያው አለ፣ በርጩማዋም አለች። የሀጂን ሚስማር አግዬ ጀሪካኖቹን በሳሁ፤ ጎረቤት ከሚሠራው ቤት የተረፈ አሸዋና ጠጠር ለመንኩ። ግን ወዲያው አልተከልኩም። የተቆረጡትን በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው፤ ይሄ ዘጋ፣ ይሄ ገና። ከገናዎቹ አንዱ ሌላ አሥር ቀን ፈጀ። ጠበቅኩት። አንድ ቀን ስመለስ፣ አፈር ሳይነካ፣ ውሃ ሳይነካ፣ ተጋድሞ እንዳለ ከቁስሉ ዳር ክር የሚያህል ሮዝ ሥር አውጥቶ አገኘሁት። በፊቱ ቁጢጥ ብዬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቀዬ ስሄድ ከአራቱ አሚቾዎች የሦስቱ ቡቃያ ከአፈር ወጥቶ ተጨናንቆ ቆሟል። እናቴ ዙሪያውን እየኮተኮተች ነበር። አብረሽኝ ነይ አላልኳትም። ምላሴን ነክሼ ነው ያላልኩት፤ ጠባዬን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለች። ራሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው። ስለ እኔ ጤና አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ስለ ተክሎቹ ነው። ስንቱ ያዘ፣ ስንቱ ቀረ፣ ውሃ አብዝቼ እንደሆን። ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ ነፋስ ቅጠል ሲያንቀሳቅስ ይሰማኛል።

"በርጩማዬ አለች?" አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። ነገ መጥቼ ልውሰድሽ፣ ዛሬ ልምጣ፣ አሁን ሚኒባስ አለ ልላት ቃሉ ሁሉ ከአፌ ደርሶ ነበር።

"አለች" አልኳት። "ካስቀመጥሻት ቦታ አልተነሳችም። ግን እማዬ፣ ቸኩለሽ እንዳትመጪ።"

ከዚያ ሳቀች፤ ያንን ከጓሮ እስከ መንገድ የሚሰማውን ሳቋን።